ዝም ብሎ የሚበልዝ ገላ፦ በረዶ ይሻላል ሙቀት?

የቤቱ ታላቅ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጥያቄዬ ስለ እናቴ ነው። 74 ዓመቷ ነው፤ ቁጭ ማለት የማይሆንላት፣ ደፋ ቀና የምትል ሴት ናት። ሰሞኑን ግን ክንዷና የእጇ ጀርባ ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነገር እየወጣ አሳሰበኝ። ምን ነክቶሽ ነው ስንላት «ምንም አልነካኝም» ትላለች። አያማትም፣ አያብጥም። እህቴ በረዶ ያዢበት ትላለች። ጎረቤት በሙቅ ፎጣ ይታሽ ይላል። አንድ ዘመድ ደግሞ ቅባት ይዞ መጣ። ሁሉም ሐኪም ሆኖብኛል።

በዚያ ላይ የ7 ዓመት ልጄ ቅልጥሙ ከዓመት ዓመት እንደበለዘ ነው። እሱስ ያሰጋል? ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? መከላከያውስ?

ጥያቄ አብዢ
እናትሽ ምን መድኃኒት ትወስዳለች? መጀመሪያ እሱን ንገሪን።

ነጭ ጋዋን
ነርስ ነኝ። የመድኃኒቱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱ እስኪመጣ ስለ ምት በጠቅላላው ላውራ።

ስንመታ ቆዳው ሳይቀደድ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን የደም ስሮች ይበጠሳሉ። ደሙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይቋጠራል። ከዚያ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያነሳዋል። አብዛኛው ምት በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ቤት ውስጥ በጣም የምንጠቅመው መጀመሪያ ላይ የሚፈሰውን ደም በማሳነስ ነው። ስለዚህ በረዶ ወዲያው ሲያዝ ነው የሚረዳው። ከ3 ቀን በኋላ በረዶ ፍለጋ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። በረዶውን በስስ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ ከዚያ አንሱት። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙት። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንዲህ እያረፉ መያዝ ይቻላል። በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ብርዱ ራሱ ቆዳውን ይጎዳዋል፣ በተለይ የአረጋውያንንና የሕፃናትን። በረዶ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣም ይሠራል። የተመታው እግር ከሆነ ጋደም ብሎ ትራስ ላይ መስቀል ነው። ካበጠ በላስቲክ ፋሻ ለስለስ አድርጎ መጠቅለል ይቻላል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ፋሻው ጠብቋል፣ ይላላ።

ሙቀት ተራው ከ2 ቀን በኋላ ነው፣ እብጠቱ መጨመሩን ሲያቆም። ያኔ ለብ ያለ ፎጣ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢያዝበት ወደ ቦታው የሚመጣውን ደም ስለሚጨምር ለጠረጋው ይረዳል። ገና ትኩስ ምት ላይ ሙቀት ማድረግ ግን የሚፈሰውን ደም ማብዛት ነው።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የደም መርጋትን ስለሚያዳክሙ ለትኩስ ምት አይመረጡም። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በቀር አስፕሪን የሚባል ነገር አይሰጥም።

አሮጌው ተከላካይ
ነርሷ ያልነካችውን እኔ ልንካ፦ ማሸት! ኳስ ሜዳ ላይ ያደግን ሁሉ የተቃዋሚ ጉልበት ጭናችን ላይ ሲገባ «እሹት፣ እሹት» እየተባልን ነው ያደግነው። የጭን ጡንቻ ውስጥ ጥልቅ ሆኖ የተቋጠረ ደም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲታሽ እንደገና ይደማል። ይባስ ብሎ አንዳንዴ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅላል። ቀልድ አይደለም፣ ማዮሲቲስ ኦሲፊካንስ ይሉታል። ከሳምንታት በኋላ ጭኑን ስትነካው ድንጋይ የዋጠ ይመስላል፤ ጉልበት ማጠፍም ያቅታል።

የማውቀው ፊዚዮቴራፒስት ጭን ሲመታ መጀመሪያ የሚያስደርገው ጉልበትን እስከሚመች ድረስ አጥፎ በዚያው ሁኔታ በረዶ መያዝ ነው። ጡንቻው ተሳስቦ እንዳይቀር። እሽታ በኋላ ይደርሳል፣ ለዚያውም በባለሙያ እጅ።

ተጠራጣሪው
በረዶ ራሱ ተሽሯል ሲባል አልሰማችሁም? ዘዴውን ያወጣው ሰውዬ ራሱ ተመልሶ ተቃውሞታል።

ነጭ ጋዋን
ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነው። እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን አጠራር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ መርኪን ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ እሳቸው ራሳቸው በረዶና ፍጹም እረፍት የጡንቻን ማገገም ሊያዘገዩ ይችላሉ ብለው ሐሳባቸውን ቀይረዋል። ክርክሩ ግን ስለ ስፖርት ጉዳትና ወደ ሜዳ ስለ መመለስ ነው። በር ላይ ክንዷን ለገጨች ሴት የ15 ደቂቃ ቅዝቃዜ ሕመሙን ያስታግሳል፣ እብጠቱንም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ በረዶ ተሸክሞ መዋል ግን ማንም አይመክርም።

የቤቱ ታላቅ
ስለ መድኃኒቱ ለጠየቃችሁኝ፦ ለልብ ተብሎ በየቀኑ ትንሿን አስፕሪን ትወስዳለች። የደም ግፊት ኪኒንም አላት። ጉልበቷን ሲያማት ደግሞ በራሷ አይቡፕሮፌን ትውጣለች። ይህን ያወቅኩት ዛሬ ቦርሳዋን ስፈትሽ ነው።

የፋርማሲው ሰው
እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

አስፕሪን ትንሽ መጠን ስለሆነች ሥራዋ ትንሽ አይደለም። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሌትሌት የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ፤ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። አስፕሪን አንዴ የነካችው ፕሌትሌት እስኪሞት ድረስ አቅሙ አይመለስም። በየቀኑ ሲወሰድ እንግዲህ አስቡት። አይቡፕሮፌን ሲደረብበት የመድማቱ ነገር ይጨምራል፤ ጨጓራም አብሮ ይደማል። የሚገርመው ደግሞ አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተወሰደ አስፕሪን ለልብ የምትሰጠውን ጥበቃ ሊያስተጓጉል ይችላል። እናትሽ በሁለት በኩል ነው የምትከስረው።

አስፕሪኑን ግን በራሳችሁ እንዳታስቆሟት! ክንድ ስለበለዘ ልብን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም። ማቆሙን ወይም መቀጠሉን የሚወስነው ያዘዘላት ሐኪም ነው። አይቡፕሮፌኑን ግን ዛሬውኑ ከቦርሳዋ አውጪው፤ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል ወይም ሌላ የሚስማማት ነገር ሐኪሟን ጠይቁ።

ሌሎቻችሁም የቤታችሁን መድኃኒት እዩ። ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን የተባሉት ደም ማቅጠኛዎች የታወቁ ናቸው። ሰው የማይጠረጥራቸው ደግሞ አሉ፦ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቆዳን ያሳሳሉ። ከባድ መጠን ያለው የአስም መንፊያም፣ ያለ ልክ የሚቀባ የስቴሮይድ ክሬምም እንደዚያው። ለድብርት የሚታዘዙ እንደ ፍሉዎክሰቲን ያሉም የደም መርጋትን ትንሽ ያዘገያሉ። «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው የሚሸጡት የጊንኮና የዓሣ ዘይት እንክብሎችም ከዝርዝሩ አይወጡም። ሐኪም ምን ትወስዳለህ ሲል ሰው እነዚህን አይጠራቸውም፤ መድኃኒት አይመስሉትማ።

ነጭ ጋዋን
የፋርማሲው ሰው ካለው ላይ ልጨምር። የእናትሽ ዓይነቱ የክንድና የእጅ ጀርባ ጥቁረት ስም ያለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ቶማስ ቤትማን ገልጸውታል፤ እስከ ዛሬም «የቤትማን ፐርፐራ» ተብሎ በስማቸው ይጠራል። ዕድሜ ልክ ፀሐይ የመታው ቆዳ፣ የሚያጠነክረው ኮላጅን የሚባለው ነገር ይሟጠጥበታል። የደም ስሮቹ ድጋፍ ያጣሉ። ከዚያ እቃ ታቅፋ ስትሄድ ወይም የሹራብ እጅጌ ስትጎትት ይበጠሳሉ። «ምንም አልነካኝም» ማለቷ እውነቷን ነው፤ ልብ የሚባል ምት አይደለምና። አያምም፣ አያብጥም፣ ሲጠፋም ቡናማ ምልክት ትቶ ሊሄድ ይችላል። በረዶም ሆነ እሽታ አያስፈልገውም። ማሸት እንዲያውም ስስ ቆዳዋን ይቀደዋል።

ያም ሆኖ ነገሩ አዲስ ከሆነ የደም ምርመራ ቢደረግላት ጥሩ ነው። ቀላል ምርመራ ነው። ፕሌትሌት ስንት ነው የሚለውን ያሳያል፤ ጤናማው በማይክሮሊትር ከ150,000 እስከ 450,000 ነው።

የሁለት ጎረምሶች አባት
ስለ ልጁ እኔ ልመልስ። የ7 ዓመት ወንድ ልጅ ቅልጥሙ ካልበለዘ ነው የሚያሳስበው፣ ምን ሲሠራ ዋለ እላለሁ! ቅልጥም፣ ጉልበት፣ ክርን፣ ግንባር፦ አጥንት ከቆዳ ሥር ያለበት ቦታ ሁሉ ሲሮጡ ይጋጫል።

ነጭ ጋዋን
አባባልህ አስቆኛል፣ እውነትም ነው። ግን ሌላውን ጎን ላስቀምጥ። የልጅ ምት ሲታይ ከቀለሙ ይልቅ ቦታው ብዙ ይናገራል። ጆሮ፣ አንገት፣ ሆድ፣ ጀርባና መቀመጫ በጨዋታ በቀላሉ አይመቱም። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ደግሞ የትም ቦታ ይሁን ቢበልዝ ሐኪም ማየት አለበት። ራሱን አያንቀሳቅስም፤ ታዲያ ከምን ጋር ተጋጨ? ምክንያቱ የደም በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ሰው ጎድቶት ይሆናል። ሁለቱም ነገ ይደርሳል የሚባሉ አይደሉም።

ድድ የሚደማ፣ ነስር የማይለቀው፣ የገረጣ፣ ትኩሳት የሚመላለስበት ልጅ ላይ ብዙ ምት ከታየም እንዲሁ።

ዝምተኛዋ
ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። እኔ ጭኔ ላይ ሁልጊዜ ይበልዛል፤ ከየት እንደመጣ አላውቀውም። እናቴም እንደዚሁ ናት። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፣ ምንም መድኃኒት አልወስድም። «ቆዳሽ ስስ ነው» ብለው ያልፉኛል።

ነጭ ጋዋን
እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ብዙ ሴቶች ጭናቸውና ክንዳቸው ላይ በትንሽ ነገር ይበልዛሉ፤ በቤተሰብም ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ጉዳት የለውም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ከፈለግሽ ለራስሽ መልሺው። የወር አበባሽ ከ7 ቀን ያልፋል? ሞዴስ በየሰዓቱ መቀየር ያስፈልግሻል? ጥርስ ስትነቀዪ ደሙ አልቆም ብሎሽ ያውቃል? እነዚህ አብረው ካሉ ቮን ዊልብራንድ የሚባል የደም መርጋት ችግር ሊሆን ይችላል። በዘር ከሚተላለፉት የመድማት ችግሮች እጅግ የተለመደው እሱ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ እንደዚያ ስለሆነ ማንም እንደ ችግር አይቆጥረውም። ለሐኪም ስትነግሪ «እበልዛለሁ» ብቻ አትበይ፣ የእናትሽንና የወር አበባሽን ነገር ጨምረሽ ንገሪ።

ዝምተኛዋ
የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ሁለተኛውም። ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ተባረኪ።

አርቲስቱ
ወንድሜ ባለፈው ዓይኑ ሥር ተመቶ ቀለሙን ስከታተል ነበር፣ ሠዓሊ ስለሆንኩ። ቀይ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጠርዙ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ። እንዴት ነው ነገሩ? በቀለሙ ምቱ የስንት ቀን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

የፋርማሲው ሰው
ደሙ ሲፈርስ ነው የምታየው። ቀይ የሚያደርገው ሂሞግሎቢን መጀመሪያ ቢሊቨርዲን ይሆናል፣ እሱ አረንጓዴ ነው። ቀጥሎ ቢሊሩቢን ይሆናል፣ ቢጫው እሱ ነው፤ ጉበት ሲታመም ዓይን ቢጫ የሚያደርገውም ይኸው ቢሊሩቢን ነው። ከብረቱ የሚቀረው ደግሞ ቡናማ ነው።

በቀለም ቀን መቁጠር ግን አያዋጣም። አንድ ሰው ላይ በአንድ ቀን የተመቱ ሁለት ቦታዎች እንኳ የተለያየ ቀለም ሊይዙ ይችላሉ። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ላይ አረንጓዴውና ቢጫው ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ዙሪያው ጠቆር ብሎ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ከዓይን ይልቅ እጅን ማመን ነው፦ ከሌላኛው ወገን ጋር እያነጻጸራችሁ ይሞቃል ወይ፣ ጠጠር ብሏል ወይ፣ ሲነካ ያማል ወይ ብላችሁ እዩ።

ጥያቄ አብዢ
የእኔ ደግሞ ግንባሬን ተመትቼ በሁለተኛው ቀን ዓይኔ ሥር ጠቆረ። ዓይኔን ማን ነካኝ ብዬ ደነገጥኩ።

ነጭ ጋዋን
ደም ወደ ታች ይወርዳል። ከግንባር ወደ ዓይን ሽፋን፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ እግር ጣት። ብዙ ጊዜ እዳው ገብስ ነው።

ጭንቅላት ላይ ግን ዋዛ የለም። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ነገር መምታታት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካለ ድንገተኛ ክፍል ነው። ጭንቅላት ተመቶ ሁለቱም ዓይን ዙሪያ ከጠቆረ፣ ከጆሮ ጀርባ ከበለዘ፣ ወይም ከአፍንጫና ከጆሮ ንጹህ ፈሳሽ ከወጣ የራስ ቅል ስብራት ሊሆን ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ደግሞ ደህና ነኝ ቢልም መታየት አለበት። ዓይኑ ራሱ ከተመታና እይታው ከደበዘዘ፣ ነገር ሁለት ሁለት ከታየው፣ ወይም የዓይኑ ጥቁር ክፍል ላይ ደም ከታየ እንዲሁ። ዓይን ላይ በረዶ ስትይዙ ዙሪያውን ነው፣ ብሌኑን አትጫኑ።

ቅባት አፍቃሪ
አርኒካ የሚባለውን የተክል ቅባት ማንም አላነሳም? እኔ ሁሌ እቀባለሁ፣ ቶሎ ይጠፋልኛል።

ተጠራጣሪው
ሳትቀቢውም ይጠፋል እኮ!

የፋርማሲው ሰው
ሁለታችሁም ተረጋጉ። ስለ አርኒካ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ትንሽ ይረዳል ሲል ሌላው ምንም ልዩነት የለውም ይላል። ያልተቀደደ ቆዳ ላይ መቀባት ብዙም አይጎዳ፣ አንዳንዱን ግን ያሳክከዋል። ቁስል ላይ አይቀባም፤ ተክሉ ራሱ ደግሞ ቢዋጥ መርዝ ነው። ቫይታሚን ሲ የሚያነሳ ሰውም አይጠፋም። እጥረቱ ያለበት ሰው በእርግጥ ይበልዛል፣ ድዱም ይደማል። እ.ኤ.አ. በ1747 ሐኪሙ ጄምስ ሊንድ መርከብ ላይ በዚሁ እጥረት በታመሙ 12 መርከበኞች ላይ ሲሞክር ብርቱካንና ሎሚ የተሰጣቸው ሁለቱ ናቸው ቶሎ የተሻላቸው። እጥረት የሌለበት ሰው ግን ኪኒኑን በላይ በላይ ቢውጥ ለምቱ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሯጯ
የአውራ ጣቴ ጥፍር ሥር ደም ቋጥሮ ልብ ምት ይመስል ትር ትር ይላል። በመርፌ ብበሳውስ?

ነጭ ጋዋን
በፍጹም! መበሳቱ የሚጠቅም ነገር ነው፣ ግን በጤና ባለሙያ፣ በንጹህ መሣሪያ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ 1 ወይም 2 ቀናት። ቤት ውስጥ የተበሳ ጥፍር ይመረቅዛል። የማያም ከሆነ ተዪው። ጥፍሩ ሊወልቅ ይችላል፤ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። ምንም ሳይመታሽ ጥፍር ሥር የመጣ ጥቁር መስመር ከሆነና ከጥፍሩ ጋር ወደፊት ካልሄደ ግን አሳዪው።

እዚህ ላይ ሌላም ልበል። ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ ቀያይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ባንድ ጊዜ ፈልተው ካያችሁ፣ የብርጭቆ ጎን ጫን አድርጉባቸው። በብርጭቆው ውስጥ ሲታዩ ካልጠፉና ትኩሳት ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። የማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል። ቆዳ ጠቆር ሲል ነጠብጣቡ መዳፍ፣ የእግር ሥርና የዓይን ሽፋን ውስጥ ነው የሚታየው።

አሮጌው ተከላካይ
ከተመታ በኋላ ሕመሙ ከሰዓት ሰዓት የሚብስበት፣ እግሩ ተወጥሮ የሚጠነክር፣ ጣቱ የሚደነዝዝ ሰውም አለ። ጡንቻው ውስጥ ግፊት ተፈጥሯል ማለት ነው። እዚያ ላይ በረዶ ይዞ ማደር የለም፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

አስታማሚዋ
ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ስለ መከላከሉ ብዙ ስላልተባለ እሱን ልያዝ።

የእናትሽን ክንድ አስቀድመሽ ሸፍኚው። ረጅም እጅጌ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ የማይጠብቅ። አንዳንድ አረጋውያን የካልሲ እግሩ ተቆርጦ ክንዳቸው ላይ ሲጠለቅላቸው ደስ ይላቸዋል፤ ቀላል ነው፣ ይሠራልም። ጠዋትና ማታ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ቅባት ወደ ታች ብቻ እያደረግሽ ቀቢያት፣ ሳታሺ። ቀለበትና ሰዓት የምታደርጉ ስታጥቧት አውልቁት። ጥፍራችሁን ቁረጡ። ፀሐይ ስትወጣ ክንዷ ይሸፈን፤ የሳሳውን አይመልሰውም፣ የቀረውን ግን ያተርፋል።

ከዚያ ቤቱን በእሷ ቁመት እዪው። አንድ ሽማግሌ እጃቸው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ይበልዝ ነበር። ሌሊት ሲነሱ የአልጋው ብረት ጥግ ነው የሚገጫቸው። ጥጉን በስፖንጅ ጠቀለልነው፣ ትንሽ የሌሊት መብራት አደረግን፣ አለቀ። ጫፉ የተገለበጠ ምንጣፍ፣ መሬት ላይ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ተረከዙ ያለቀ ነጠላ ጫማ፣ እነዚህን አንሺ። መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት ይግባ። መነጽሯ ትክክል መሆኑን አስዪ። የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ሊያዞረው ይችላል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብላ ትነሳ።

አንድ ነገር ደግሞ። ስታነሷት ክንዷን ይዛችሁ አትጎትቱ። የክንድ የውስጥ ወገን ላይ ተርታውን የወጡ የጣት የሚመስሉ ምልክቶች ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣሉ። ወገቧን ደግፉ፣ ራሷ እንድትነሳ ጊዜ ስጧት። እንዲህ ያለ ምልክት ደጋግሞ ከታየና የሚያስታምማት ሌላ ሰው ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። ብቻዋን ስትሆን ጠይቋት።

የቤቱ ታላቅ
ሐኪም ጋ ሄደን መጣን። ፕሌትሌቷ ደህና ነው፤ አስፕሪኗ ይቀጥል፣ አይቡፕሮፌኑ ይቅር ተብሏል። ለጉልበቷ ሌላ ነገር ታዞላታል። ጉድ የሆነው ግን ለምርመራው ደም የቀዱበት ቦታ ከሁሉም የባሰ በለዘ! «ለማዳን ወስደሽ አበለዝሽኝ» እያለች ትስቅብኛለች። የሚቀጥለው ምርመራ ከወር በኋላ ነው፣ እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ነጭ ጋዋን
መርፌው ሲወጣ ክንዷን አጥፋ ጥጥ ይዛ ሄደች አይደል? ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ክንድ ሲታጠፍ ጥጡ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ደሙም ከቆዳ ሥር ይፈሳል። በሚቀጥለው ክንዷ ቀጥ ብሎ ይቆይ፤ አንቺ በሁለት ጣት ቀዳዳው ላይ ጫን በይ። አስፕሪን ስለምትወስድ 5 ደቂቃ ሙሉ፣ በየመሃሉ ከፍተሽ ሳታዪ። በዚያ እጇ ያን ቀን ከባድ ዕቃ አታንሳ። ደም የሚቀዳውን ሰው ቀድመሽ «አስፕሪን ትወስዳለች፣ ቆዳዋ ስስ ነው» በይው፤ ቀጭኑን መርፌ ይመርጣል፣ ሲያስር አያጠብቅም፣ ፕላስተሩንም ቆዳዋን የማይልጥ ያደርግላታል።